ከሥሩ የተበላው መስክ

ጥቅምት 14

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፣ ለአባ ቀስታ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ሰው በማያውቅህ አገር የሚያውቅህ ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ፤ በወጣህበት በር በሰላም ያስገባህ። እኛ በሕይወት አለን። ወንድሜ ጋሼም አለ፤ እግሩን ያመዋል እንጂ አፉ ደህና ነው።

ስልክ ያልደወልኩት መስመሩ ስለሚቆራረጥ ብቻ እንዳይመስልህ። እኔ ስደውል ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ያዳምጣል፤ ግማሹንም እሱ ይመልስልኛል። ስለዚህ የባለ ሱቁ ምራት አንተ ባለህበት አገር ወዳለው ባሏ ስትመጣ ይህን ወረቀት ሰጠኋት። ሳትከፍተው እንደምታደርስልህ ተስፋ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስኩ ታሟል።

ክረምቱ ጥሩ ዘንቦ ነበር። ሳሩ ጉልበት ደርሶ ድርቆሻችንን የሚገዛው የወተት ቤቱ ባለቤት ራሱ መጥቶ አየና «ዘንድሮስ ላሞቼ ጠገቡ» ብሎ ሄደ። ዝናቡ ቆመ። ወዲያው በወንዙ በኩል ትሪ የምታህል ቢጫ ቦታ ታየች። ጋሼ «ላም ሸንታበት ነው» አለ። ብዙም ሳይቆይ ትሪዋ ምንጣፍ አከለች፤ ምንጣፉ ደግሞ ወንድሞች አፈራ። ያን ጊዜ ጋሼ «ፀሐይ ነው» አለ።

እኔ ተንበርክኬ ሳሩን ጨበጥኩና ሳብኩት። ያለ ምንም ትግል ተነሥቶ መጣ። ሥር የለውም። አሮጌ ምንጣፍ ከወለል ሲገፈፍ እንደሚጠቀለል ነው የተጠቀለለው። ከሥሩ ባለው አፈር ውስጥ ነጭ፣ ወፍራም፣ ራሱ ቡናማ የሆነ ትል እንደ ጆሮ ተጠምዝዞ ተኝቷል። አንድ ቢሆን ዝም እለው ነበር። የትም ብገልጠው እሱው ነው። ቁራዎች ቀድመውኝ ያውቁ ኖሯል፤ ጠዋት ጠዋት መስኩን እየጫሩ ሲለቅሙ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ድርቆሹን አጭደን ስናስር ካምናው እኩሌታ እንኳ አልሞላም። የወተት ቤቱ ባለቤት እስሩን ቆጥሮ መኪናውን አስነሣ። በዋጋው እንኳ ሳይከራከር መሄዱ ነው የከበደኝ።

ወደ አንተ የመጣሁት ለዚህ ነው። አንተ እዚያ የምትሠራው ሳር ላይ ነው። ለኳስ ሜዳና ለሀብታም ግቢ ሳር ታበቅላላችሁ ብለኸናል። እንዲህ ያለ ትል ሲገባባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? መድኃኒቱን ታውቀው እንደሆነ ስሙን ጻፍልኝ፤ የሚላክ ከሆነም ላክልን። የላይኛው ግማሽ የእናትህ ድርሻ፣ ማለት ያንተ እንደሆነ አንረሳም። ትሉ ግን ድንበር አያውቅም፤ ወደዚያም ወጥቷል።

ጤናህን ጠብቅ። ብርድ ልብስ ሳትደርብ አትተኛ።

እትዬ


ኅዳር 29

ለምወድሽ እትዬ፤

ሰላምታዬ ከእግርሽ ሥር ይድረስ። ዕድሜና ጉልበት አይንሳችሁ፤ የጋሼን እግር ይማርልን። እኔ ደህና ነኝ። ሥራ ስለሚበዛ መልሱ ዘገየ።

ትሉን አውቀዋለሁ። እዚህም አለ። እናቱ ጥንዚዛ ናት። በመጀመሪያው ዝናብ፣ ሲመሻሽ ከመሬት ትወጣና መብራት ላይ ስትጋጭ የምናያት ያቺ ቡናማዋ ናት፤ ወይም የእሷ ዘመድ። ሳር መሐል ገብታ እንቁላሏን ትቀብራለች። ልጆቿ ክረምቱን ሙሉ ሥር ይበላሉ። ዝናብ እስካለ ድረስ ሳሩ በተረፈችው ሥር ውሃ እየጠጣ አረንጓዴ መስሎ ይቆማል። ጉዳቱ የሚታየው ውሃው ሲቀር ነው። እናንተም በክረምት ያላያችሁት ዓይናችሁ ሰንፎ አይደለም፤ ሁሉንም ሰው እንዲሁ ነው የሚያታልለው።

መድኃኒቱን አልልክም። እዚህ የሚረጨው ማንም የማይበላው ሳር ላይ ነው። ሰው ይረግጠዋል፣ ኳስ ይንከባለልበታል፣ አለቀ። የእናንተን ላም ትበላዋለች፤ የላሟን ወተት ደግሞ ሕፃን ይጠጣዋል። ስሙንም አልጽፍም፤ ብጽፈው ጋሼ ገበያ ወጥቶ ይፈልገዋል።

መሬቱን እረሱት። በበጋ ገልብጣችሁ ትሉን ለፀሐይና ለወፍ ስጡት። ሌላ ዘዴ አላውቅም። እዚያው ያለ የግብርና ባለሙያ ከእኔ የተሻለ ይነግራችኋል።

ከዚህ ወረቀት ጋር ትንሽ ነገር ልኬያለሁ፤ ለጋሼ መታከሚያ አድርጊው። ሌላ የምጽፈው የለም። ሁሉ ደህና ነው።

አባ ቀስታ


ታኅሣሥ 28

ለአክስቴ ልጅ፤

ደጅህ ሰላም ይሁን፤ የሚውል የሚያድርብህ ሁሉ ደግ ይሁን። የላክኸው ደርሷል፤ ከእጅህ አይጥፋ። ጋሼ ግን ሐኪም ቤት አልሄደም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጽሕፈትህ ከመቼ ወዲህ ነው ያማረው? የድሮው ዶሮ የጫረው ይመስል ነበር። ይኼኛው የቀበሌ ጸሐፊ የጻፈው ይመስላል። ትምህርት ገብተህ እንደሆነ ንገረኝና ደስ ይበለኝ።

ደብዳቤህን ለጋሼ አነበብኩለት። «ለኳስ የሚሆን ለእኛ አልሆነም?» አለና ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስምህ ሲነሣ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ክፉ ሆኖ አይደለም። ያንን መስክ ከአባታችን እጅ ከተቀበለ ጀምሮ ሳሩ ሞቶበት የማያውቅ ሰው ነው፤ አሁን በእሱ እጅ ሲሞት ያያል። ሰው ያፈረ ጊዜ መጀመሪያ የሚቆጣው በሩቁ ሰው ላይ ነው።

የግብርና ባለሙያዋ መጥታ ነበር። ገና ልጅ እግር ናት፤ ጫማዋ እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። በአካፋ አራት ማዕዘን እያደረገች ቆፍራ አፈሩን ላስቲክ ላይ ዘርግታ ትሉን ለየችው። ብዙ ቦታ ነው የቆፈረችው፤ ደህና የሚመስለውን ሳር ጭምር። ደህና በሚመስለው ሥርም አገኘችው። የነገረችን አንተ ካልከው አይለይም። ትሉ ከዓመት በላይ አፈር ውስጥ ስለሚቆይ ዘንድሮ ብንዘራበት አዲሱንም ይበላዋል አለች። በበጋ ደጋግማችሁ እረሱ፤ ዘንድሮ ሳር ሳይሆን ባቄላ ዝሩበት፣ ባቄላውን እንደ ሳር አይወደውም፤ ሳሩን ለከርሞ፣ ያውም አንድ ዓይነት ሳይሆን ቀላቅላችሁ፣ አለች።

ጋሼ፣ «እስከ ከርሞ ላሞቹ ምን ይበላሉ፣ ልጄ?» አላት።

«እሱን አላውቅም፣ አባቴ» አለችው። «የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ ከማታልልዎ የማውቀውን ልንገርዎ።»

እኔ ወደድኳት። እሱ አልወደዳትም።

የወተት ቤቱ ባለቤት ከሌላ ሰው ድርቆሽ መግዛት ጀምሯል። መኪናው በደጃችን ሲያልፍ ሾፌሩ እያወቀን ዓይኑን መንገዱ ላይ ያደርጋል። ከሁለቱ ላሞቻችን አንደኛዋን ሸጥናት፤ የምንቀልባት አጥተን ነው። የቀረችውም ጥጃዋን ይዛ አጥንቷ እየወጣ ነው።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ። አንድ ብሎኬት ሠሪ ጠፍጣፋ መሬት ይፈልጋል፤ ብሎኬቱን የሚያሰጣበት። ያንተን ድርሻ፣ የላይኛውን፣ ጠይቆናል። ጋሼ «ይሸጥ» ይላል። ሳር ለማያበቅል መሬት ምን እንሰስትለታለን ይላል። ድርሻው ያንተ ስለሆነ ያለ ቃልህ አይሆንም። ሽጡ ወይም አትሽጡ በለን። እኔ ምን እንደምመርጥ አትጠይቀኝ፤ ደክሞኛል።

እትዬ


የካቲት 3

ለአባ ቀስታ፤

ደህንነትህን እየለመንኩ እጽፋለሁ፤ እንዲያው የአባቶች አምላክ ይጠብቅህ። እስካሁን መልስህ አልመጣም። የባለ ሱቁ ምራት አማቷን በስልክ «አይቼዋለሁ፣ ከስቷል» አለችው ብለው ነገሩኝ። ከስቷል ማለት ምን ማለት ነው? ሰው ሥራ ሲበዛበትም ይከሳል። እንዲያ ነው ብዬ ራሴን አታልላለሁ።

ጋሼ የፈራኸውን አደረገ። ስሙን ባትጽፍለትም ገበያ ወጥቶ አገኘው። በጆንያ የገባ፣ ፍርፍር ጨው የመሰለ ነገር ነው። በጆንያው ላይ የነበረው ጽሑፍ ተቀዷል። ነጋዴው «አንዴ በትነው፣ ከዚያ ተኛ» ብሎታል። አሁን ጆንያዎቹ ጥጃዋ በምታድርበት ክፍል ግድግዳ ሥር ተደርድረዋል። ስገባ ሽታው ዓይኔን ያቃጥለኛል። ጥጃዋን ወደ እኔ ክፍል አምጥቻታለሁ።

ተጣላን። በዕድሜያችን እንዲያ ተጣልተን አናውቅም። «አንቺና ያ የአክስትሽ ልጅ ተቀምጣችሁ ምከሩ፤ እኔ መስኬን አድናለሁ» አለኝ። እኔም «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ፈራሁት። ከዚያ ወዲህ በአንድ ቤት ውስጥ በጥጃዋ በኩል ነው የምንነጋገረው፤ «እናትሽ ታልባ እንደሆነ እትዬን ጠይቂያት» ይላል።

ስለ መሬቱም፣ ስለ ገንዘብም አልጠይቅህም። ያን ሁሉ ተወው። ብቻ አንዲት ቃል ጻፍልኝ። የምትጽፍልኝም ራስህ ሁን።

እትዬ


የካቲት 30

ለምወድሽ፣ እናቴን ለተካሽልኝ እትዬ፤

በያለሽበት እፎይ የምትይበትን ቀን ያምጣልሽ። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። የመጨረሻውን እንዳነበብኩ ደወልኩ። ጋሼ አነሣው። «ሁሉ ደህና ነው፣ አትጨነቅ» ብሎ ዘጋብኝ። እንደገና ብደውል አላነሣም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በአውሮፕላን ወደ አገር ቤት ለሚገባ ሰው ለምኜ ሰጥቻለሁ። ለጋሼ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢለት። ቃል እንዳትዘይ፣ እንዳታስቀሪም።

ጽሕፈቱ የእኔ አይደለም። አብሮኝ የሚኖር ቀለም ቀቢ አለ፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ያለፈውንም የጻፈው እሱ ነው።

ጋሼ፣ የማወራው ላንተ ነው። የምሠራበት ቦታ ሳር እንደ ምንጣፍ ተቆርጦ፣ ተጠቅልሎ በመኪና ይጫናል። ሥሩ በትል ከተበላ ምንጣፉ አይያያዝም፣ ይበጣጠሳል። ገዢ አይወስደውም። ስለዚህ ከመቆረጡ በፊት ይረጫል። የሚረጨው እኔ ነበርኩ። የመርጫዋን በርሜል በጀርባዬ አዝዬ ጠዋት እገባለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። መጀመሪያ ላይ የአፍ መሸፈኛ ሰጥተውን ነበር። ሲያረጅ አልተካም። ብንጠይቅ አለቃችን «ነገ ይመጣል» ይላል። ፀሐይ ሲከር በላብ ቆዳዬ ላይ ይጣበቃል፤ ቤት ገብቼ ብታጠብም ትራሴ ይሸታል።

ከአምና ጀምሮ ያስመልሰኝ ነበር፤ ምግቡ ነው እል ነበር። ከዚያ ምራቄ ያለ ልክ ይመጣል፣ ዓይኔ ይደበዝዛል። ከዚያ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አሁን ብርጭቆ ይዤ ወደ አፌ ሳደርስ ግማሹ ደረቴ ላይ ነው። ቁልፍ መቆለፍ አልችልም፤ ሸሚዜን የሚቆልፍልኝ ይኸው ቀለም ቀቢ ነው። መጻፍማ አይነሣ።

(ይህን የምጽፈው ቀለም ቀቢው ነኝ። ቃል በቃል ጻፍ ብሎኛል፤ ቃል በቃል እየጻፍኩ ነው። ቅድም «ትንሽ ያስመልሰኝ ነበር» ብሎ ነበር፤ «ትንሽ» የሚለውን ብቻ እኔ ነኝ የሰረዝኩት። ይቅርታ እናቴ፤ ውሸት ለመጻፍ እጄ አይታዘዝም።)

ሐኪሟ ደሜን መርምራ የምረጨው ነገር እንደሆነ ነገረችኝ። ከሥራው መራቅ አለብህ፣ መንቀጥቀጡ በጊዜ ሊቀንስ ይችላል፣ ሙሉ በሙሉ ይተውሃል ግን አልልህም አለችኝ። ወረቀቷን ለአለቃዬ ሰጠሁት፤ ሌላ ሥራ ያዛውረኛል ብዬ። አሰናበተኝ። አሁን ቀለም ቀቢው ያመጣውን ነው የምበላው። እሱም ሆድ አለው፤ እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም።

ያልነገርኳችሁ ስላፈርኩ ነው። ሰው ውጭ አገር ወጥቶ ሸሚዙን የሚቆልፍለት ሰው ያስፈልገዋል ተብሎ አይጻፍም። ሽጡት ብዬ ልልክም ነበር፤ ብዙ ቀን አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። የእናቴ ድርሻ ከተሸጠ የምመለስበት ቦታ የለኝም። ይህንንም ማለት አሳፍሮኝ ዝም አልኩ።

ጋሼ፣ ያን ጆንያ አትክፈተው። በእጅህ አትበትነው። ብትቆጣኝ ተቆጣኝ፣ ስሜን አትጥራ፤ ብቻ አትክፈተው።

የአክስታችሁ ልጅ


መጋቢት 22

ለልጄ፣ ለአባ ቀስታ፤

ፈጣሪ በእጅህ ላይ እጁን ያኑርልህ። ሌላ ምርቃት ዛሬ አልመጣልኝም።

ደብዳቤህ የደረሰው ጋሼ አንዱን ጆንያ ከከፈተ በኋላ ነው። የሆነውን እንደሆነው ልንገርህ።

ጠዋት፣ እኔ ውሃ ልቀዳ ወርጄ ሳለ፣ በወንዙ በኩል ያለውን ጥግ በትኖበታል። ጓንት አድርጎ ነበር፤ የግንበኛ ጓንት፣ ጣቱ የተበሳ። ስመለስ ዶሮዎቼ ከግቢ ወጥተው እሱ በበተነበት እየለቀሙ ነው። ላባርራቸው ሮጥኩ። ብዙም አልቆየም፤ አንዷ ክንፏን ዘርግታ መሽከርከር ጀመረች። ከዚያ ሌላዋ። ሁሉም አለቁ። በማግስቱ ቁራዎቹ ነበሩ፤ በሳሩ ላይ እንደ ተጣለ ጨርቅ ወድቀው አገኘናቸው። ያንን ትል በነጻ ሲለቅሙልን የከረሙት እነሱ ነበሩ እኮ።

ጋሼ የሞቱትን በአካፋ እየሰበሰበ ቀበረ። እኔ «ብዬህ ነበር» አላልኩም፤ ፊቱ እንዲያ የሚባል ፊት አልነበረም። ሌሎቹ ጆንያዎች ግን ግድግዳው ሥር እንደተደረደሩ ናቸው። ሰውየው ገና ልቡን አልቆረጠም።

ሰውህ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወረቀቱን ሰጥቶኝ «ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ይነበብ ተብሏል» አለ። ጋሼ በር ላይ ተቀምጦ እግሩን ያሻል። አነበብኩ። ስለ በርሜሏ ስደርስ ማሸቱን ተወ። ስለ ሸሚዙ ስደርስ ወረቀቱን አጠፍኩት።

«ቀጥይ» አለኝ።

«አልቻልኩም።»

«ሙሉውን አንብቢ ተብለሻል። ቀጥይ።»

ጨረስኩት። ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ገልብጦ አየው። በኋላ «አብሮት ያለው ቀለም ቀቢ የማን ልጅ ነው?» አለኝ።

«እኔ በምን አውቃለሁ?»

«የሰው ልጅ ነው» አለና ተነሣ።

ጆንያዎቹን በላስቲክ ጠቅልሎ በጋሪ ጭኖ ወደ ነጋዴው ሄደ። ነጋዴው «የተሸጠ አይመለስም» አለው። እኔ እንደፈራሁት አልተደባደበም። ጋሪውን ይዞ ወደ ግብርና ቢሮ ነዳው። ባለሙያዋ ስታየው ደንግጣ በጓንት ተረክባ ዘግታበታለች። ከማን እንደገዛውም ጠይቃው ነገራት። ከወንዙ ዳር ያለውን ጥግም አጥር እንድናጥርበት፣ ከብት እንዳናስገባ፣ ከዚያ በታች ካለው ውሃ እንዳንቀዳ አዘዘችን። አሁን ውሃ የምቀዳው ከላይ ነው፤ መንገዱ ይረዝማል።

ከዚያ መሬቱ ተገለበጠ። የሁለታችንም ድርሻ፣ ያንተን ፈቃድ ሳንጠብቅ። ትራክተር ተከራየን፤ ለዚያም የቀረችውን ላም ሸጥን። ጥጃዋን አስቀረናት። መጀመሪያ ሲታረስ ትሉ በአፈሩ ላይ እንደ ፈሰሰ ሩዝ ነጭ ሆኖ ታየ። ወፍ ይመጣል ብለን ቆምን። በመጀመሪያው ቀን አንድም አልመጣም፤ ጋሼ ሰማዩን እያየ «ጨርሻቸዋለሁ» አለ። በማግስቱ ከየት እንደመጡ የማላውቃቸው ነጫጭ ወፎች ከትራክተሩ ኋላ ተሰለፉ። ጋሼ ሲያያቸው ተቀመጠ። እግሩ ያመዋል ብዬሃለሁ፤ ግን ለእግሩ አልነበረም የተቀመጠው።

እኔ ሥራ ይዣለሁ። በወተት ቤቱ የወተት ጣሳ አጥባለሁ። ባለቤቱ ራሱ ነው የጠራኝ፤ ድርቆሻችንን ስለተወው ከብዶት ይሁን፣ ሰው አጥቶ ይሁን፣ አልጠየቅኩትም። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ ማታ ማታ ጣቶቼ አይታጠፉም። ለእንጀራ ይሆናል።

ብሎኬት ሠሪውን መልሰነዋል።

አሁን ና እልሃለሁ። ና የምልህ ወደ ደላው ቤት አይደለም። መሬቱ ባዶ ነው፤ ጎተራውም፣ በረቱም ባዶ ነው። እኔ ደክሞኛል፣ ጋሼ አርጅቷል፣ አንተ ታመሃል። እንግዲህ ሦስታችንም የማንረባ ከሆንን ተለያይተን የማንረባው ለምንድን ነው? ሸሚዝ መቆለፍ እኔም እችላለሁ።

እትዬ


ግንቦት 2

ለአክስታችን ልጅ፤

ደብዳቤ መጻፍ ልማዴ አይደለም። ሰላም ብያለሁ። ቀለም ቀቢውንም ሰላም በልልኝ፤ ዕድሜ ይስጠው።

እትዬ ና ብላህ መልስ አልሰጠህም። በቀን ሁለት ጊዜ ፖስታ ቤት እሄዳለሁ። እሄዳለሁ ያልኩት ተሳስቼ ነው፤ እሷ ነች የምትሄደው። እኔ እሸኛታለሁ።

መሬቱ ሦስት ጊዜ ታርሷል። ባለሙያዋ ቆፍራ አየችው፤ ትሉ አልጠፋም፣ ግን ቀንሷል አለች። የእኛን ድርሻ ባቄላ ልዘራበት ዘሩን አዘጋጅቻለሁ። ያንተን ግን አልነካም። ድንበሩ ላይ ቆሜ ሳየው ባዶ ነው። የሰው መሬት ነው፤ ያለ ባለቤቱ ዘር አይጣልበትም። ባለፈው ያለ ፈቃድህ አርሼዋለሁ፤ ያም የበዛ ነው።

ስለ ተቆጣሁህ ነገር፣ ቁጣው በአንተ ላይ አልነበረም። ይኸው ነው።

ዝናቡ ሊገባ ነው። ምን እንደሚዘራበት መጥተህ ንገረኝ።

ጋሼ


ግንቦት 24

ለጋሼ፤

ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ። ፊደሉ ቢያስቸግርህ እትዬ ታነብልሃለች፤ የድሮውን ጽሕፈቴን ታውቀዋለች፣ ከዚያ ብዙ አልባሰም። አንዲት መስመር ስጽፍ አርፋለሁ። ቀለም ቀቢው «ልጻፍልህ» ይለኛል፤ ዛሬ እንቢ ብዬዋለሁ።

የዘገየሁት እንደ ድሮው አፍሬ አይደለም። የመሄጃ ወረቀቴን እያስጨረስኩ ነው፤ እዚህ ለመውጣትም ወረፋ አለው። ሐኪሟ አንድ ጊዜ ልታየኝ ትፈልጋለች። ቀኑን ስለማላውቅ ቀን አልነግርህም።

የእኔን ድርሻ አትጠብቅበት። ዝናብ ሰው አይጠብቅም። ባቄላውን ዝራበት፤ የተገኘውን እትዬ ትውሰደው፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ጥቂት ቀን ትረፍ።

የከርሞውን ሳር ግን አትዝራ። እሱን ጠብቀኝ። እጄ ዘር ለመበተን ምንም አያንሰውም፤ ለመበተንማ መንቀጥቀጥ አይከለክልም።

የአክስትህ ልጅ